ከግርዛት በኋላ አልቆም ያለ ደም፦ በአዲስ አበባ መሃል ያጋጠመ የሂሞፊሊያ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ሂሞፊሊያ ኤ በግምት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚገኝ፣ ምልክቱም ሕክምናውም በደንብ የታወቀ የደም አለመርጋት ሕመም ነው። ይህ ጉዳይ የተመዘገበው ሕመሙ ብርቅ ሆኖ አይደለም። አንድ ቤተሰብ በሁለት ትውልድ ውስጥ አራት ወንዶች ልጆቹ ደም አልቆም ሲላቸው እያየ፣ አራቱን የሚያገናኘውን ነገር ቤተሰቡም ሐኪሞቹም ሳያዩት ስለቆዩ ነው። ሳይታይ የቀረበት ምክንያት እኛ ዘር ከምንቆጥርበት መንገድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በሌሎች ቤተሰቦችም እንደሚደገም መገመት አያስቸግርም። የሰዎቹና የጤና ተቋማቱ ስም፣ እንዲሁም ማንነታቸውን የሚጠቁም ዝርዝር ተትቷል።

የጀርባ ሁኔታ

ሕፃኑ ጊዜውን ጠብቆ በምጥ የተወለደ፣ 3.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ ነው። ወላጆቹ አራት ኪሎ አካባቢ ይኖራሉ፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅም አለቻቸው። እንደተወለደ እንደማንኛውም ጨቅላ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በጭኑ ተወጋ። በማግስቱ መርፌው ያረፈበት ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አብጦ ጠቆረ። እናትየው አሳየች፤ «የመርፌ ነው፣ ይጠፋል» ተብሎ ታለፈ። የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር። በጤነኛ ጨቅላ ጭን ላይ የቫይታሚን ኬ መርፌ ትንሽ ቀላ ያደርጋል እንጂ ጠንካራ ጥቁር እብጠት አይተውም።

በስምንተኛው ቀን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የግል ክሊኒክ ተገረዘ። ከመገረዙ በፊት ስለ ቤተሰቡ የደም ታሪክ አልተጠየቀም።

ችግሩ

ከክሊኒኩ ሲወጣ ፋሻው ደርቆ ነበር፤ ሁሉንም ያዘናጋውም ይኸው ነው። ቁስል ሲከፈት መጀመሪያ ቀዳዳውን የሚደፍኑት ፕሌትሌቶች ናቸው፤ በሂሞፊሊያ ሕመምተኛ ላይ እነዚህ ደህና ናቸው። የጎደለው ድፍኑን የሚያጠነክረው የፋይብሪን መረብ ነው። ስለዚህ ደሙ ለጥቂት ሰዓት ይቆምና ድፍኑ ሲላላ እንደገና ይጀምራል። ከፕሌትሌት ማነስ የሚመጣ መድማት ወዲያው ሲታይ፣ ይህኛው ዘግይቶ ይመጣል፤ ሳይፈነጥቅም ቀስ እያለ ይንጠባጠባል።

ማታ ላይ ዳይፐሩ በደም ርሶ ተገኘ። ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ በክር ተሰፋ፤ ሌሊቱን እንደገና ደማ፤ ጠዋት ሁለተኛ ስፌት ተደረገለት። በዚህ ጊዜ ደሙ ከቁስሉ ብቻ ሳይሆን መርፌው ከወጋቸው ቀዳዳዎችም ይወጣ ነበር። የተሰፋ ቁስል በየመርፌው ቀዳዳ ሲደማ ችግሩ ያለው በደሙ እንጂ በሰፋው ሰው እጅ አይደለም። ሦስተኛ ስፌት ከመሞከር ሪፈር መጻፍ ይገባ ነበር፤ ተጻፈም።

ወደ ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ ያደረገችው አንድ ነገር ሊጠቀስ ይገባል። ቤተሰቡ ያመጣቸውን ዳይፐሮች በሚዛን ለካች፤ ከእያንዳንዱም የደረቅ ዳይፐር ክብደት ቀነሰች። 1 ግራም ትርፍ በግምት 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው። ሽንት ስለሚቀላቀልበት ግምቱ ከፍ ቢልም «ብዙ ደማ» ከሚለው ቃል እጅግ ይሻላል። ጨቅላ በኪሎው 85 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው፤ ይህ ሕፃን በጠቅላላው 270 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ለአዋቂ ከምንም የማይቆጠር የግማሽ ሲኒ ደም ለእሱ ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። ሄሞግሎቢኑ 9.4 ተገኘ፤ በዚህ ዕድሜ ከ13 በላይ ይጠበቃል። የራስ ቅል አልትራሳውንድ ተነሥቶ በአንጎሉ ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ ተረጋገጠ።

ምርመራው

የመጀመሪያው ናሙና ከመንገድ ሊያስወጣ ነበር። ደሙ የተቀዳው 2.7 ሚሊ ሊትር በሚቀበለው የአዋቂ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ሲሆን የገባው ግማሹ ያህል ብቻ ነበር። በቱቦው ውስጥ ያለው 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ለሙሉ መጠን የተሰላ ነው፤ ደሙ ሲያንስ ትርፉ ሲትሬት ለምርመራው የሚጨመረውን ካልሲየም ይይዝና የመርጊያ ጊዜው በሐሰት ይረዝማል። የላብራቶሪ ባለሙያው ናሙናውን አልቀበልም አለ፤ ልክ ነበር። ሁለተኛው 0.9 ሚሊ ሊትር ደም በ0.1 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ላይ በሚቀበል የጨቅላ ቱቦ፣ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ካልነካው ደም ሥር ተቀዳ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ጨቅላም በተፈጥሮው ቀይ የደም ሴሉ ስለሚበዛ፣ ሄማቶክሪት (ቀይ ሴሎቹ ከደሙ የሚይዙት ድርሻ) ከ55 በመቶ ማለፉ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ጥቂት፣ ሲትሬቱ ትርፍ ይሆናል። መጠኑ የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦ 0.00185 ሲባዛ በ(100 ሲቀነስ ሄማቶክሪት) ሲባዛ በደሙ መጠን። ሄማቶክሪቱ 60 ለሆነ ጨቅላ ለ2.7 ሚሊ ሊትር ደም የሚያስፈልገው 0.2 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ነው፤ 0.3 አይደለም። ይህ ሕፃን ደም ስላፈሰሰ ማስተካከያው አላስፈለገውም፤ በኋላ ለተወለደው የአክስቱ ልጅ ግን አስፈልጓል።

ውጤቱ ይህ ነበር፦ ፕሌትሌት 312,000፤ ፒቲ 13.6 ሰከንድ፤ ኤፒቲቲ 98 ሰከንድ። ፒቲና ኤፒቲቲ ደም እስኪረጋ የሚወስደውን ጊዜ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይለካሉ። የጨቅላ ኤፒቲቲ ከአዋቂ ረዘም ቢልም እስከ 98 አይደርስም። ፒቲው ደህና ሆኖ ኤፒቲቲው ብቻ ሲረዝም ጉድለቱ ፋክተር ከሚባሉት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች መካከል ከ8፣ 9፣ 11 ወይም 12 በአንዱ ላይ ነው፤ ፋክተር 12 ሲያንስ ግን ሰው አይደማም። ቀጥሎ የሕፃኑ ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል ለእኩል ተደባለቀ፤ ጊዜው ወደ 36 ሰከንድ ወረደ። ድብልቁ ከተስተካከለ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ባይስተካከል ኖሮ ሥራ የሚያግድ ነገር ይጠረጠር ነበር።

የፋክተር ልኬት በየላብራቶሪው ስለማይሠራ ፕላዝማው ሁለት ጊዜ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ፣ በረዶ ሆኖ ወደሚሠራበት ተላከ። ፋክተር 8 ስስ ነው፤ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ከበረደ ይቀንስና የሌለ ሕመም ያሳያል። ለዚህም ከጤነኛ አዋቂ የተወሰደ ፕላዝማ በዚያው ሣጥን አብሮ ተላከ። የአዋቂው 92 በመቶ ሲነበብ የሕፃኑ ከ1 በመቶ በታች ሆነ። ከባድ ሂሞፊሊያ ኤ ነው። የሕፃኑ ፋክተር 9 ደግሞ 38 በመቶ ነበር፤ ይህን አይቶ «ሁለቱም ጎድለውታል» ማለት ስሕተት ነው። ፋክተር 9 በቫይታሚን ኬ የሚሠራ ስለሆነ በጨቅላ ላይ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፤ ፋክተር 8 ግን ከልደት ጀምሮ የአዋቂውን ያህል ነው።

ሕክምናው

ውጤቱ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም ነበር። በመጀመሪያ ለዲኤንኤ ምርመራ የሚሆን 2 ሚሊ ሊትር ደም በወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ ተቀድቶ ተቀመጠ፤ የሌላ ሰው ደም ከመሰጠቱ በፊት መቀዳቱ የለጋሹ ነጭ ሴሎች ውጤቱን እንዳያደበዝዙ ነው። ከዚያ 32 ሚሊ ሊትር ቀይ የደም ሴልና በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 48 ሚሊ ሊትር፣ ከለጋሽ እንደተወሰደ በረዶ ተደርጎ ቆይቶ በ37 ዲግሪ የቀለጠ ፕላዝማ ተሰጠው። መድማቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ምክንያቱ በስሌት ይታያል፦ 1 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 1 ዩኒት ያህል ፋክተር አለ፤ 48 ዩኒት ለ3.2 ኪሎ በወረቀት ላይ እንኳ ወደ 30 በመቶ ብቻ ያደርሳል። ከዚያ በላይ ልስጥ ቢባል የፈሳሹ ብዛት ልብን ያስጨንቃል።

የፋክተሩ ውጤት እንደመጣ፣ በዕርዳታ ከሚገኘው የፋክተር 8 መድኃኒት ተሰጠ። አሰላሉ፦ ክብደት ሲባዛ በሚፈለገው ጭማሪ ሲባዛ በ0.5። 3.2 ሲባዛ በ60 ሲባዛ በ0.5፣ 96 ዩኒት፤ 100 ተሰጠ። ብልቃጡ ሲሟሟ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይናጥም። በየ12 ሰዓቱ ለሦስት ቀን ተደገመ። ቁስሉ ላይ ትራኔክሳሚክ አሲድ (የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት) የተነከረበት ጎዝ ተደረገ። ከመጀመሪያው የፋክተር መጠን በኋላ ደሙ ቆመ፤ ሌላ ስፌት አልተጨመረም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከብሽሽትና ከአንገት ደም አልተቀዳም። ከእጅ ጀርባ በቀጭን መርፌ ተቀድቶ ቦታው ቢያንስ 5 ደቂቃ ተጭኖ ተያዘ። የ6 ሳምንት ክትባቱ እንዳይቀር ለእናቱ በጽሑፍ ተሰጣት፦ በቀጭኑ መርፌ ተወግቶ ቦታው ሳይታሽ 10 ደቂቃ ይያዝ፤ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ፈጽሞ አይሰጠው።

የዘር ሐረጉ

ሕፃኑ በተኛበት ዕለት «በቤተሰባችሁ የሚደማ ሰው አለ?» ተብሎ ተጠይቆ ነበር። አባት «የለም» አለ፤ የአባት እናትም «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶም አይታወቅ» አሉ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። አባትየው የዘሩን ስም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሰባቱም ግን የአባት አባት ናቸው።

ፋክተር 8ን የሚያዘው ጂን ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ጫፍ ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክሱን ከእናቱ ብቻ ይወስዳል፤ ከአባቱ የሚደርሰው ዋይ ነው። ስለዚህ የወንድ ልጅ ሂሞፊሊያ ሲጠና የአባት ወገን ታሪክ ምንም አይጨምርም። መጠየቅ ያለበት የእናት ወንድሞች፣ የእናት እኅቶች ወንዶች ልጆችና የእናት እናት ወንድሞች ናቸው።

ካርድ ክፍልም በዚህ አይረዳም። ካርዱ የሚይዘው የልጁን ስም፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሕፃኑ፣ ታሪካቸው ቀጥሎ ከሚመጣው ከአክስቱ ልጅና ከሟች አጎቶቹ ጋር አንድ የተበላሸ ጂን ቢጋራም በካርድ ላይ የሚጋራው አንድም ስም የለም። በአንድ ሆስፒታል ቢታከሙ እንኳ መዝገቡ አያገናኛቸውም።

ታሪኩ የተገኘው የእናትየው እናት ለአራስ ጥየቃ ከገጠር ሲመጡና ለብቻቸው ሲጠየቁ ነው። ጥያቄው ስለ ሕመም አልነበረም። «እማማ፣ ወንድ ልጅ ቀብረው ያውቃሉ?» የሚል ነበር።

«ሁለት» አሉ። «አንዱ በተገረዘ በሦስተኛው ቀን፤ አንዱ በአምስት ዓመቱ ወድቆ ምላሱን ነክሶ፣ ሌሊቱን ሲደማ አድሮ።» የመጀመሪያው ሞት ለገራዡ እጅ፣ ሁለተኛው ለቡዳ ተሰጥቶ ነበር። ቀጥለው የሌላዋ ልጃቸው ልጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጉልበቱ እየደጋገመ እንደሚያብጥ ተናገሩ። ሰፈር ያለ ወጌሻ «ውልቃት ነው» እያለ ያሸው ነበር።

ከእነዚህ መልሶች ብዙ ማወቅ ተቻለ። ሁለቱ ሟቾች ኤክሳቸውን የወሰዱት ከእናታቸው ነው፤ አባታቸውም ሳይደማ አርጅቶ የሞተ ገበሬ ነው። ስለዚህ ተሸካሚዋ፣ ማለትም እንደ ወንዶቹ ሳትታመም የተበላሸውን ጂን የምታስተላልፈው፣ አያትየው ናቸው። የታመመ ልጅ የወለዱት ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውም ያለ ጥርጥር ተሸካሚዎች ናቸው። ያልታመመው ወንድ ልጃቸው ጤነኛውን ኤክስ ወስዷል፤ ልጆቹ ነፃ ናቸው። ቤተሰቡ እሱን ለማስመርመር ገንዘብ ሊያወጣ ነበር፤ አያስፈልግም ተባለ። በጣም አስቸኳይ ሆና የተገኘችው ሦስተኛዋ እኅት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን የ24 ሳምንት እርጉዝ ነበረች። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። በአልትራሳውንድ ፅንሱ ወንድ መሆኑ ሲታወቅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ሆነ።

የዲኤንኤ ምርመራው

እርጉዟን በፋክተር ልኬት ማጣራት አይቻልም፤ በእርግዝና ፋክተር 8 ስለሚጨምር ተሸካሚዋም ደህና መስላ ትታያለች። የሚያስፈልገው ጂኑን ማየት ነበር። የሚመረመረው ግን አስቀድሞ የታመመው ልጅ ነው። በእሱ ላይ ያለው ለውጥ ሳይታወቅ እሷ ላይ «አልተገኘም» ቢባል ምን እንዳልተገኘ አይታወቅም።

ጂኑ 186,000 ፊደል ያህል ርዝመትና 26 ኤክሰኖች (የፕሮቲኑን አሠራር የያዙ ክፍሎች) አሉት። ሁሉን ከማንበብ በፊት የተፈለገው ኢንትሮን 22 (በሁለት ኤክሰኖች መካከል ያለ ክፍል) ላይ የሚደርስ መገልበጥ ነው፤ ከከባድ ሂሞፊሊያ ኤ ሕመምተኞች መካከል በ45 በመቶ ያህሉ ላይ የሚገኝ ስለሆነ ፒሲአር በሚባል ርካሽ የጂን ምርመራ ቶሎ ይለያል። በዚህ ኢንትሮን ውስጥ ያለ ቁራጭ ቅጂው በክሮሞሶሙ ጫፍ ላይም አለ። ኤክስ ጥንድ ካላት ጥንዷ ጋር ትገጥማለች፤ በወንድ የዘር ሕዋስ ውስጥ ግን ጥንድ ስለሌላት ጫፏ ወደ ኋላ ታጥፎ ከራሷ ቅጂ ጋር ሊገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ጂኑ መሃሉ ላይ ተሰብሮ ግማሹ ተገልብጦ ይቀጠላል። ፊደል አልጠፋም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ፈርሷል፤ ፋክተር 8ም አይሠራም።

ናሙናዎቹ ወደ ውጭ አገር ተልከው መልሱ በአምስት ሳምንት መጣ። ሕፃኑ፣ የስድስት ዓመቱ የአክስቱ ልጅና እናቶቻቸው መገልበጡ አለባቸው። እርጉዟም ተሸካሚ ናት። የፅንሱ ዕድል አሁን ግማሽ ሆነ። ለማዋለጃ ክፍሉ በጽሑፍ ተላለፈ፦ ቫኪዩምና ፎርሴፕስ (ሕፃኑን ጭንቅላቱን ይዘው የሚስቡ መሣሪያዎች) አይደረግ፤ ከእትብት ደም ፋክተር 8 ይለካ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቫይታሚን ኬ በአፍ ይሰጥ፤ ግርዛቱ ይቆይ። ፋክተር 8 በእንግዴ ልጅ ስለማያልፍ የእትብት ደም የሚያሳየው የልጁን ብቻ ነው። 74 በመቶ ተነበበ፤ ጤነኛ ነው። እናቲቱ ግን ከወለደች በኋላ ለሦስት ሳምንት ክትትል ተደረገላት፤ በእርግዝና የወጣው ፋክተር ሲወርድ ተሸካሚ አራስ ዘግይታ ልትደማ ትችላለች።

ያልሠሩ ነገሮች

የዘር ሐረጉን በአባት ዘመዶች ፊት ለመሳል የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። እናትየው ዝም አለች፤ ወንድሞቿ በልጅነት መሞታቸውን ታውቅ ነበር፤ «ከእሷ መጣ» እንዳይባል ፈርታ ነው። ኋላም ተብሏል። ጂኑ ከእሷ መምጣቱን መደበቅ አይቻልም፤ አይገባምም። የሠራው አባትየውን ለብቻ አግኝቶ እሷ ሳታውቅ ከእናቷ እንደወረሰችው፣ እናቷም ሳያውቁ እንደወረሱት ማስረዳት ነበር።

የአባት ወገን «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያጋባናቸው፤ እንዴት የዘር በሽታ ይመጣል?» ብለው አጥብቀው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የሚከላከለው ከሁለቱም ወላጅ አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ሲገናኝ የሚመጣውን ሕመም ነው። ይህኛው አንድ የተበላሸ ቅጂ በእናት በኩል ከደረሰ ወንዱን ልጅ ለማሳመም ይበቃል።

ለወላጆቹ በየእርግዝናው የታመመ ወንድ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው «ከአራት አንድ» ነው መባሉም አሳሳተ። ወላጆቹ «አንዱ ታመመ፤ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደህና ናቸው» ብለው ተረዱት። የሠራው የአንድ ብር ሳንቲም ነበር፦ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ አንበሳው ከወደቀ ጤነኛው ኤክስ፣ ሚዛኑ ከወደቀ የተበላሸው፤ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። እናትየው ራሷ ደጋግማ ጥላው ሚዛኑ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲወድቅ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

የስድስት ዓመቱ ልጅ ወላጆች በስልክ «አምጡትና ይመርመር» ሲባሉ አልመጡም። አያትየው ራሳቸው ሄደው ሲያመጡት ግን በማግስቱ ደረሰ። 18 ኪሎ ስለነበር 450 ዩኒት ተሰልቶ 500 ተሰጠው፤ በረዶና ዕረፍት ታዘዘለት፤ መታሸቱ ቆመ። ጉልበቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። መገጣጠሚያ ውስጥ ደጋግሞ የፈሰሰ ደም የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አጥንት ይበላዋልና ፋክተር ያንን አይመልስም። ወጌሻውን መክሰስ ሳይሆን ማናገር ይጠቅም ነበር፤ ተደረገም፦ ወንድ ልጅ ሳይወድቅ መገጣጠሚያው ሲያብጥ፣ እብጠቱም ሲመላለስ፣ ሳይነካ ወደ ሐኪም ይላክ።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፈው

ግርዛት የሚሠራ ክሊኒክ ምንም ላብራቶሪ ሳይኖረው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ የቫይታሚን ኬ መርፌ ያረፈበትን ጭን ገልጦ ማየት፣ እናቲቱን ለብቻዋ «ከወንድሞችሽ ወይም ከእኅቶችሽ ወንዶች ልጆች ደም አልቆም ብሎት የሞተ አለ?» ብሎ መጠየቅ። አንዱ ከተገኘ ቀኑን ማራዘም ይሻላል። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ስለ ሦስተኛዋ እኅት ልጅ ሲጠየቁ ግርዛቱ ቢቆይ እንደማይከፋ፣ የ40 ቀኑ ክርስትና ግን በቀኑ እንዲሆን ተናግረዋል። ይህን አስቀድሞ መነጋገር ቤተሰቡን ከጭንቀት ያድናል።

ታሪክ አለመኖሩ ግን ሕመሙ የለም አያሰኝም። ከሦስት ጉዳዮች በአንዱ ያህል ለውጡ አዲስ ስለሆነ በቤተሰቡ ውስጥ ቀድሞ የደማ ሰው አይገኝም። ታሪኩን መጠየቅ አደጋውን ይቀንሳል፤ የሚደማ ጨቅላን ኤፒቲቲ ከመለካት ግን አያድንም።

የቀረችው የሕፃኑ የአራት ዓመት እኅት ናት። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። የዲኤንኤ ምርመራዋ አድጋ ራሷ እስክትወስን እንዲቆይ፣ የፋክተር 8 ልኬቷ ግን አሁኑኑ እንዲሠራ ተወስኗል። አንዳንድ ተሸካሚዎች ከ40 በመቶ በታች ስለሚሆኑ ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት መታወቅ አለበት። የእሷ 52 በመቶ ነው፤ በክትባት ካርዷ ጀርባ ተጽፏል።